ከጫማ እስከ አየር በአየር፦ የጃፓን ሲኒማ ድንገተኛ ሀብታሞቹን እንዴት አያቸው?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2024 የቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ ኒኬይ በ39,098 ነጥብ ዘጋ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አይናገርም። ከጎኑ 38,915ን አስቀምጡለት። ይህኛው የዲሴምበር 29 ቀን 1989 መዝጊያ ነው። ገበያው ወድቆ ወደ ድሮ ቦታው ለመመለስ 34 ዓመት ፈጀበት ማለት ነው። በ1989 የተወለደ ሰው አድጎ፣ ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ፀጉሩ መሳሳት ጀምሯል።

በዚያው በ2024 ኪዮሺ ኩሮሳዋ «ክላውድ» የተባለውን ፊልሙን በቬኒስ ፌስቲቫል አሳየ። ጃፓንም ለኦስካር ውድድር የላከችው እሱኑ ነበር። ባለታሪኩ በኢንተርኔት ዕቃ እየገዛ መልሶ የሚቸበችብ ወጣት ነው። ብር ያገኛል። ካገኘው ብር ሌላ ግን ምንም የለውም፤ ምኞት እንኳ የለውም። ገበያው ሲፈነድቅ ሲኒማው ይህን ሰው ከየት አመጣው?

እንዲህ ያሉ ፊልሞችን ብዙ ሰው «ገንዘብ ሰውን ያበላሻል» ብሎ ያልፋቸዋል። ይሄ አባባል ለማንኛውም አገር ፊልም ይሠራል፤ ስለዚህ ምንም አይነግረንም። የጃፓኖቹ ጥያቄ ጠበብ ያለ ይመስለኛል። ሰውየው ምን ያህል አለው ሳይሆን፣ ገንዘቡ ከሥራው ምን ያህል ርቋል ብለው ነው የሚጠይቁት። ርቀቱ በሰፋ ቁጥር ባዶነቱም ይሰፋል። ከ1963 እስከ 2024 ያሉትን ሦስት ሀብታሞች አጠገብ ላጠገብ ብናቆማቸው ነገሩ በግልጽ ይታያል።

የመጀመሪያው ጎንዶ ነው። በ1963 አኪራ ኩሮሳዋ የሠራው «ገነትና ገሃነም» ባለታሪክ። ፊልሙ በእንግሊዝኛው ዓለም «ሃይ ኤንድ ሎው» ተብሎ ይታወቃል። አኪራና ኪዮሺ ዝምድና የላቸውም፤ የሚጋሩት የቤተሰብ ስሙን ብቻ ነው። ጎንዶን የሚጫወተው ቶሺሮ ሚፉኔ ሲሆን፣ የትልቅ ጫማ ኩባንያ የምርት ኃላፊ ነው። ዮኮሃማ ውስጥ ኮረብታ ላይ ቤት ሠርቷል። ከታች ያለው ሰፈር አንገቱን ቀና ካደረገ የሚያየው የሱን ቤት ነው።

ፊልሙ ሲጀምር የኩባንያው አለቆች ሳሎኑ መጥተው አዲስ የሴት ጫማ ያሳዩታል። ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ ቶሎ ያልቃል። ቶሎ ማለቁ ደግሞ ለነሱ ትርፍ ነው። ጎንዶ ጫማውን በእጁ ይገነጣጥለዋል። ሰው ሙሉ ክብደቱን የሚያሳርፍበትን ነገር እንዲህ አድርጎ መሥራት ያበሳጨዋል። ሰውየው በ16 ዓመቱ ጫማ ሰፊዎች ዘንድ ተቀጥሮ ነው የተነሳው። ሀብቱ ሲሸት የቆዳ ሽታ አለው።

ቅዱስ ግን አይደለም። ቤቱንና ንብረቱን ሁሉ አስይዞ በድብቅ አክሲዮን ሲገዛ ቆይቷል። ኩባንያውን ሊቆጣጠር አንድ እርምጃ ቀርቶታል። ወደ ኦሳካ የሚላክ የ50 ሚሊዮን የን ቼክ በእጁ ይዟል። ያኔ ስልክ ይደውላል። «ልጅህን አግተናል፤ 30 ሚሊዮን የን አምጣ።» ጎንዶ ያለማመንታት እከፍላለሁ ይላል። ወዲያው ልጁ ከበር ብቅ ይላል። አጋቹ ተሳስቶ የወሰደው የሹፌሩን ልጅ ነው። ያም ሆኖ ገንዘቡን ካልከፈልክ እገድለዋለሁ ይላል።

ኩሮሳዋ ይህን ሁሉ በአንድ ሳሎን ውስጥ ነው የሚያካሂደው። ሹፌሩ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ለመለመን እንኳ አፍሮ። ሚስት ክፈል ትላለች። ረዳቱ አትክፈል ይላል። ጎንዶ እየተንጎራደደ ይጮሃል። ቢከፍል ሁሉን ያጣል፣ ባይከፍል ደግሞ መስተዋት ማየት ያቅተዋል። በመጨረሻ ይከፍላል። ከዚያ አንድ አጭር ትዕይንት ይመጣል፤ ለኔ የፊልሙ ልብ እሷ ናት። ፖሊሶች በገንዘብ ቦርሳዎቹ ውስጥ የሚደበቅ መለያ ያመጣሉ፤ ሲቃጠል ባለቀለም ጭስ የሚያወጣ። ጎንዶ የድሮ የጫማ መሣሪያዎቹን አውጥቶ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ቦርሳዎቹን በራሱ እጅ ይሰፋል። ሊከስር ነው፤ ግን እጁ ሥራውን አልረሳም። ፊልሙ ሲያልቅ ቤቱ የለም፣ የቤት ዕቃው ለሐራጅ ቀርቧል፣ እሱ ትንሽ የጫማ ድርጅት ውስጥ እየሠራ ነው። ከስሯል፣ ባዶ ግን አልሆነም።

ጊዜውንም እናስታውስ። በ1960 የሃያቶ ኢኬዳ መንግሥት የሕዝቡን ገቢ በአሥር ዓመት እጥፍ አደርጋለሁ ብሎ ነበር። በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ እየመጣ ነው። አገሩ በሙሉ ወደ ኮረብታው እየወጣ ነበር። ከታች የቀረው ደግሞ ወደ ላይ እያየ ጥርሱን ይነክሳል። አጋቹ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ለሐኪምነት የሚሠለጥን ድሃ ወጣት፤ በበጋ የሚያቃጥል በክረምት የሚያቀዘቅዝ ክፍሉ መስኮት በኮረብታው ቤት ትይዩ ነው። ይህን ሰው የተጫወተው ያኔ ብዙም የማይታወቅ ተዋናይ ነበር፤ ጹቶሙ ያማዛኪ። ስሙን ያዙልኝ።

(ስፓይክ ሊ በ2025 ይህንኑ ታሪክ ወደ ኒው ዮርክ ወስዶ ከዴንዘል ዋሽንግተን ጋር ሠርቶታል። ጫማ ሰሪው የሙዚቃ ፕሮዲውሰር ሆኗል። ፊልሙ ጥሩ ጊዜዎች አሉት። ግን በእጅ የሚገነጣጠለውን ጫማ የሚተካ ነገር አላገኘም ባይ ነኝ።)

አሁን ወደ ፌብሩዋሪ 1987 እንዝለል። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ሦስት ነገር ሆነ። የመንግሥት የነበረው የስልክ ኩባንያ ኤንቲቲ አክሲዮኑ ገበያ ወጣ። ሕዝቡ ዕጣ ወጥቶለት በ1,197,000 የን የገዛው አንድ አክሲዮን ወዲያው 1.6 ሚሊዮን ገባ፤ በኤፕሪል 3 ሚሊዮን አለፈ። የቤት እመቤቱም ጡረተኛውም ቁጭ ብሎ ብር ሲመጣ አየ። የጃፓን ባንክ ደግሞ ወለዱን ወደ 2.5 በመቶ አወረደ። ዶላርን ለማርከስ ከተደረገው የ1985ቱ የፕላዛ ስምምነት በኋላ የን ስለተወደደ ዕቃ ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎች እያለቀሱ ነበርና እነሱን ለማስታገስ ነው። ርካሹ ብድር ግን በአብዛኛው ወደ መሬትና ወደ አክሲዮን ሄደ። ሦስተኛው ነገር ፊልም ነው፤ የጁዞ ኢታሚ «ማሩሳ ኖ ኦና»፣ ስለ አንዲት የግብር መርማሪ የሚተርክ።

ኢታሚ ሐሳቡ የመጣለት ቀደም ያሉት ፊልሞቹ ገንዘብ አስገብተውለት የግብሩ ሒሳብ ሲመጣ ደንግጦ ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው መንግሥትን የሚረግም ፊልም ይሠራል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እሱ ግን ገንዘብ የሚደብቁትንም የሚፈልጉትንም በእኩል ጉጉት አያቸው። መርማሪዋ ርዮኮ የኢታሚ ባለቤት ኖቡኮ ሚያሞቶ ናት። ፊቷ ላይ ጠቃጠቆ አለ፣ ፀጉሯ ከእንቅልፍ እንደተነሳች ቆሟል። ሱቅ ትቆጥራለች፣ የቆሻሻ ከረጢት ትፈታለች፣ ደረሰኝ ከደረሰኝ ታስተያያለች።

የምታሳድደው ሰው በሰዓት የሚከራዩ ሆቴሎች ባለቤት ነው፤ በእኛ አገር አልቤርጎ በሉት። ስሙ ጎንዶ። የሚጫወተው ጹቶሙ ያማዛኪ።

አዎ፣ ያው ሰው ነው። በ1963 ኮረብታ ላይ ያለውን ጎንዶ አንጋጦ እያየ የጠላው ልጅ፣ ከ24 ዓመት በኋላ ራሱ ጎንዶ ሆኖ መጣ። ኢታሚ ስሙን የመረጠው ሳያስበው ነው ለማለት ይከብደኛል። ግን የኢታሚው ጎንዶ ምን ይሠራል? ምንም አይሠራም። ገቢ ይደብቃል። ከመጽሐፍ መደርደሪያ ጀርባ ሚስጥራዊ ክፍል አለው። በሌላ ሰው ስም ድርጅት ያቋቁማል። ደላላው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ጋንግስተሩ በዙሪያው ነው። ጎበዝ ነው፣ ይስቃል፣ ሴቶች ይወዱታል። እየሳበን እንደሆነ ኢታሚ ያውቃል።

አንዱ የግብር ኃላፊ ገንዘብ እንዴት ይከማቻል ብሎ ሲጠይቀው፣ ጎንዶ በውኃ ብርጭቆ ያስረዳዋል። ጠብ ጠብ እያለ የሚሞላ ብርጭቆ አስብ ይለዋል። ግማሽ ሲሞላ ከጠጣህ አለቀልህ። ሞልቶም አትጠጣም። ሲፈስ ብቻ፣ የፈሰሰውን ትልሳለህ። ተመልካች ይስቃል። ሰውየው እኮ ሕይወቱን ሙሉ በጥማት ሊኖር ወስኗል! ኢታሚ ስብከት የለውም፤ ሰውየው በራሱ አፍ ሁሉን ተናግሮ ጨረሰ።

በዚህ ፊልም ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ርዮኮ ለብቻዋ የምታሳድገው ትንሽ ልጅ አላት። ልጁን ግን አናየውም። ከቢሮ ስልክ ደውላ ምግቡን እንዴት እንደሚያሞቅ ስትነግረው ብቻ እንሰማለን። አዳኟም ታዳኙም ቤታቸውን ጥለው ከገንዘቡ ኋላ ነው የሚሮጡት። ለዚህም ይመስለኛል በመጨረሻ የሚግባቡት።

ኢታሚ ግብር ከመክፈል የባሰ ዋጋም ከፍሏል። በ1992 ያኩዛ የሚባሉትን የጃፓን ወንበዴዎች የሚያጋልጥ ፊልም ሠራ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የወንበዴ ቡድን አባላት ቤቱ ደጅ ጠብቀው ፊቱን በስለት ተለተሉት። እሱ ግን አላፈገፈገም። በ1997 ሞተ።

እዚህ ላይ የራሴን ክርክር ልቃወም። የኢታሚ ፊልሞች ሕዝብ ያያቸው ነበሩ። ግን ያን ዘመን የጃፓን ሲኒማ ሁሉ በጥርጣሬ ያየው ይመስል መናገር ውሸት ይሆናል። በዚያው በ1987 ያሱዎ ባባ ስለ በረዶ ሸርተቴ የፍቅር ፊልም ሠርቶ ወጣቱን ሁሉ ወደ ተራራ አስነዳ። ውብ መኪና፣ ውብ ልብስ፣ ውብ ዘፈን። ባዶነት? ማን ጊዜ አለው! በዚያው ዓመት ያሱዳ የተባለው የመድን ድርጅት የቫን ጎህን «የሱፍ አበባዎች» ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ገዛ። በ1989 ሶኒ ኮሎምቢያ ፒክቸርስን ጠቀለለ፤ ሚትሱቢሺ ኤስቴት የኒው ዮርኩን ሮክፌለር ሴንተር ያዘ። ገንዘቡ ሲመጣ አብዛኛው ሰው ፊልም የሚያየው ለመጨፈር ነው።

ያው ባባ በ2007 ተመልሶ መጣ። የዚህኛው ፊልሙ ጀግና በልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ገብታ ወደ 1990 ትመለሳለች። ተልዕኮዋ የገንዘብ ሚኒስቴር በመሬት ብድር ላይ ያወጣውን ገደብ ማስቆምና አረፋው፣ ማለትም ያለ ልክ ያበጠው የመሬትና የአክሲዮን ዋጋ፣ እንዳይፈነዳ ማድረግ ነው። ቀልድ ነው፤ ግን ናፍቆቱ እውነተኛ ነው። ናፍቆቱ ወደ ልጆችም ወርዷል። በ2017 የኦሳካ የቶሚዮካ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ የዚያን ዘመን ልብስ ለብሰው ሲጨፍሩ የሚያሳይ ቪዲዮ አገሩን አዳረሰ። በአረፋው ዘመን አንዳቸውም አልተወለዱም ነበር።

አረፋው ከፈነዳ በኋላ የመጡትን ፊልሞች በቶሎ ልለፍባቸው፤ በዓለም ከሚታወቀው ልጀምር። የሃያዎ ሚያዛኪን «ስፒሪትድ አዌይ» (2001) ስንቶቻችን ከልጆች ጋር አይተነዋል። የቺሂሮ አባት የተተወ መናፈሻ ውስጥ ገብቶ፣ እነዚህ ቦታዎች በ90ዎቹ መጀመሪያ በየቦታው ተሠርተው ኢኮኖሚው ሲወድቅ ከሰሩ ይላል። ከዚያ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይበላል፤ ካርድም ጥሬ ብርም አለኝ እያለ። አሳማ ይሆናል። በመታጠቢያ ቤቱ ደግሞ ፊት የሌለው መንፈስ ከእጁ ወርቅ ያፈልቃል። ሠራተኛው ሁሉ ይንበረከክለታል። ወርቁ ኋላ አፈር ይሆናል። እሱም የሚፈልገውን አያውቅም፤ ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል።

የዳይሃቺ ዮሺዳ «ካሚ ኖ ጹኪ» (2014) የበለጠ ያሳዝነኛል። ጊዜው 1994 ነው። ሪዬ ሚያዛዋ የባንክ ሠራተኛ ሆና ከአረጋውያን ደንበኞች ቤት ገንዘብ ትሰበስባለች። መጀመሪያ ጥቂት ትበደራለች። ከዚያ ለወጣት ፍቅረኛዋ ሆቴል፣ ልብስ፣ መኪና። ገንዘቡ ወረቀት ብቻ ነው ብላ ስታምን ፊቷ ይበራል። አስፈሪው ነገር ስትሰርቅ ደስተኛ መሆኗ ነው። ከዚያ በፊት በቤቷ ደስ ብሏት አያውቅም።

ሎተሪው የመጣው በ2018 ነው። የኬይሺ ኦቶሞ «ኦኩ ኦቶኮ» ባለታሪክ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። ወንድሙ ጥሎበት የሄደው ዕዳ አለ፤ ሚስትና ልጁ ተለይተውታል። 300 ሚሊዮን የን ይደርሰዋል። ምን ላድርገው ብሎ ሀብታም የሆነ የኮሌጅ ጓደኛውን ያማክራል። ጓደኛው ድግስ ይደግሳል። ሰክረው ያድራሉ። ሲነጋ ገንዘቡም ጓደኛውም የሉም። ከዚያ በኋላ የጓደኛውን የቀድሞ ሸሪኮች እያፈላለገ ይዞራል። ሁሉም ሀብታም ናቸው፤ አንዷ የድሮ ርካሽ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች፣ ገንዘቧን ግን ግድግዳ ውስጥ ደብቃዋለች። ፊልሙ በመሃል ይዝላል፣ ብዙ ያወራል። የተመሠረተበት ነገር ግን የቆየ ነው።

ጃፓኖች ራኩጎ የሚሉት ጨዋታ አላቸው። አንድ ሰው ትራስ ላይ ተንበርክኮ ሁሉንም ገጸ ባሕሪ ለብቻው እየሆነ ይተርካል። ከታወቁት አንዱ «ሺባሃማ» ነው። ሰካራም ዓሣ ሻጭ በማለዳ ባሕር ዳር የገንዘብ ቦርሳ ያገኛል። ቤቱ ሮጦ ጓደኞቹን ጠርቶ ሲጠጣ ይውላል። ሲነቃ ሚስቱ «ምን ገንዘብ? ሕልም አይተህ ነው» ትለዋለች። ደንግጦ መጠጡን ይተዋል፣ ይሠራል፣ ሱቅ ይከፍታል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሚስትየው ቦርሳውን አውጥታ እውነቱን ትነግረዋለች። አስተውሉ፤ ሚስትየው ገንዘቡን አልጣለችውም። ሰውየው ሥራውን እስኪይዝ ድረስ ደበቀችው። ዓሣው እጁ እስኪገባ ድረስ። የ1963ቱ ጎንዶ ከጅምሩ በእጁ የያዘውን ነገር ማለት ነው።

አሁን ወደ «ክላውድ» እንመለስ። ዮሺኢ (ማሳኪ ሱዳ) ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። አለቃው እድገት ሲሰጠው አልፈልግም ይላል። ማታ ማታ የሚሠራው አየር በአየር ነው። ፊልሙ ሲጀምር ሊከስሩ ከደረሱ ባልና ሚስት የሕክምና መሣሪያዎች በነፃ በሚባል ዋጋ ይወስዳል። ሴትየዋ ትለምናለች፤ እሱ ብሩን ቆጥሮ ካርቶኖቹን ይጭናል። ቤቱ ገብቶ ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ በብዙ እጥፍ ይለጥፋቸዋል። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። አንድ በአንድ «ተሸጧል» የሚል ምልክት ይበራል። የሱዳ ፊት ላይ ደስታ ፈልጉ፤ የለም። እፎይታ ብቻ።

መሣሪያው ይሥራ አይሥራ አያውቅም። የሚሸጠው የእጅ ቦርሳ ዋናው ይሁን ቅጂው ግድ የለውም፤ ዋናው ነገር ሳይታወቅ መሸጡ ነው። የ1963ቱ ሰው ጫማውን ገነጣጥሎ ያያል። ይኼኛው ካርቶኑን አይከፍትም። የ1987ቱ ጎንዶ እንኳ ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ክፍል፣ የሚያቅፋቸው ሴቶች፣ የሚያስብለት ልጅ ነበሩት። ዮሺኢ ፍቅረኛውን ይዞ ተራራ መሃል ሐይቅ ዳር ትልቅ ቤት ይከራያል፤ ቤቱን ካርቶን ይሞላዋል።

ኪዮሺ ኩሮሳዋ ይህን ሰው ከአየር አላመጣውም። በጃፓን የኮንሰርት ትኬቱንም የጌም ማሽኑንም አፍሰው ገዝተው በእጥፍ የሚሸጡት ሰዎች ለዓመታት ሲያነጋግሩ ቆይተዋል። ደመወዝ ሳይንቀሳቀስ 30 ዓመት ሊሞላ ሲል አክሲዮንና መሬት ተነሱ። በ2023 ማዕከላዊ ቶኪዮ ውስጥ የአዲስ አፓርታማ አማካይ ዋጋ 100 ሚሊዮን የን አለፈ። ደመወዝተኛ ወጣት ይህን ሲያይ ሥራ ምን ያደርግልኛል ማለቱ አይገርምም። በ2024 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው «ቶኪዮ ስዊንድለርስ» የተባለው ተከታታይ ከዚህም ይብሳል፤ የሐሰት ባለቤት አቁመው የሰው መሬት የሚሸጡ አጭበርባሪዎችን ነው የሚያሳየው። መነሻው እውነተኛ ነው። በ2017 ሴኪሱዪ ሃውስ የተባለው ግዙፍ የቤት ሠሪ ድርጅት በዚሁ ዘዴ ወደ 5.5 ቢሊዮን የን ተበልቷል።

ሦስቱን ፊልሞች ስደረድር አንድ ሌላ ነገር ዓይኔን ይስበዋል። በ1963 መንግሥት አለ። ፖሊሶቹ ላባቸውን እየጠረጉ ለጎንዶ ይለፋሉ። እነሱም ንጹሕ አይደሉም፤ አጋቹ ሞት እንዲፈረድበት ብለው እስሩን ያዘገያሉ፣ በመሃል ሰው ይሞታል። ቢሆንም አሉ። በ1987 ርዮኮ አለች። በ2024 ግን የቀረ የለም። ዮሺኢ የቤቱ መስኮት ሲሰበርበት ለፖሊስ ሊያመለክት ይሄዳል፤ ፖሊሱ ቅጂ ዕቃ ትሸጣለህ ተብሏል ብሎ እሱኑ ይጠይቀዋል። የተጎዱትም ሰዎች ቢሆኑ ወደ ሕግ አይሄዱም። ስማቸውን እንኳ ሳይተዋወቁ ኢንተርኔት ላይ ተሰባስበው መሣሪያ ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዶቹ የጎዳቸው ነገር ይህን ያህል አይደለም። የሚጠሉት ሰው ሲያስፈልጋቸው እሱን አገኙ።

ሁለተኛው አጋማሽ ተኩስ ብቻ ነው ብለው የተበሳጩ አሉ። እኔ አልተበሳጨሁም። በተተወ ፋብሪካ ውስጥ የሚታኮሱት ሰዎች መተኮስ አይችሉም፣ ይሳታሉ፣ ይደነብራሉ። ዕቃውን ሳያውቅ የሚሸጥ ሰው፣ ጠመንጃውን በማያውቁ ሰዎች ነው የሚታደነው።

በዚህ መሃል ዮሺኢን የሚያድነው ሳኖ ነው። ቀደም ሲል የቀጠረው፣ ከሥራ ያባረረውም ወጣት። ሽጉጥ ያመጣል፣ ሬሳ የሚያነሳ ሰው ያውቃል። ለምን እንደሚረዳው ፊልሙ አይነግረንም፤ ክፍያም አይጠይቅም። የሚለው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ አንተ ገንዘብ መሥራትህን ቀጥል፣ ሌላውን ለኔ ተወው። ዮሺኢም ይስማማል።